ሃይብሪድ ሳይክልን ለደሴና ለኮምቦልቻ መንገድ ማብቃት



መንግሥት ከነዳጅ ላይ ድጎማውን ቀስ በቀስ ማንሳት የጀመረው በሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። ከዚያ ወዲህ ታሪፍ በተሻሻለ ቁጥር የደመወዝተኛው ኪስ ይሳሳል። ደሴ ውስጥ ጠዋትና ማታ ባጃጅ የሚጠብቅ መምህር፣ ኮምቦልቻ ውስጥ በፈረቃ ወደ ፋብሪካ የሚገባ ሠራተኛ፣ ልጆቹን መድረሳ አድርሶ ሱቁን የሚከፍት ነጋዴ፣ ሁሉም ወሩ ሳያልቅ ለመንገድ ያወጣውን ሲደምር ይደነግጣል። ከእነዚህ መካከል «ሳይክል ብገዛስ?» ብለው የሚያማክሩን ወንድሞችና እህቶች አሉ።

የምንሰጣቸው መልስ አጭር ነው፦ ግዙ፣ ግን እንደገዛችሁት አትንዱት። ለከተማ ሥራ ከሌሎቹ ይልቅ የሚቀርበው ሃይብሪድ የሚባለው ነው። ሃይብሪድ ማለት ከተራራ ሳይክልና ከእሽቅድምድም ሳይክል የተዳቀለ ማለት ነው፤ መሪው እንደ ተራራው ቀጥ ያለ፣ ጎማው እንደ እሽቅድምድሙ ትልቅና ቀጠን ያለ፣ ማርሹ ብዙ። ቀላልና ፈጣን ነው። ችግሩ በአብዛኛው የሚሠራው ለደረቅ አስፋልትና ለእረፍት ቀን ሽርሽር መሆኑ ነው። ጭቃ መከላከያ የለውም፣ ዕቃ መጫኛ የለውም፣ መብራት የለውም፣ ሰንሰለቱ ራቁቱን ነው። ኮርቻና ልጓም የሌላት በቅሎ በሏት። በቅሎዋ ጥሩ ናት፤ ገበያ ግን አታደርስም።

ይህ ጽሑፍ በቅሎዋን ስለ መጫን ነው። የዋጋ ዝርዝር አናስገባም፤ ብር በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በገበያ መተመን ከጀመረ ወዲህ የመለዋወጫ ዋጋ ቶሎ ይቀያየራል፤ ዛሬ የጻፍነው ነገ አንባቢን ያሳስታል። ይልቅ የትኛው ሥራ እንደሚቀድምና ለምን እንደሚቀድም እንናገራለን።

ሁለት ከተማ፣ ሁለት ዓይነት ሳይክል

ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ኮምቦልቻ ደግሞ 1,850 ሜትር አካባቢ። በመካከላቸው ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ «ለደሴና ለኮምቦልቻ የሚሆን ሳይክል» ብሎ አንድ ነገር መፈለግ ከመነሻው ስህተት ነው። ሁለቱ ከተሞች የሚፈልጉት የተለያየ ነገር ነው።

ኮምቦልቻ ቦርከና በሚያልፍበት ሜዳ ላይ የተዘረጋች ናት፤ ከፍታዋም ከባሕር ዳር ብዙ አይርቅም። ባሕር ዳር በአገራችን የሳይክል ከተማ ተብላ የታወቀችው መሬቷ ሜዳ ስለሆነ ነው እንጂ ሕዝቧ ከወሎ ሕዝብ የበለጠ ጉልበት ስላለው አይደለም። በ2009 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው፣ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ እነዚህ ሁሉ ብዙ ሰው በተወሰነ ሰዓት የሚገባባቸውና የሚወጣባቸው ቦታዎች ናቸው። ሦስት አራት ኪሎ ሜትር ሜዳ መንገድ ለሳይክል የተፈጠረ ርቀት ነው። ኮምቦልቻ የሳይክል ከተማ የማትሆንበት ምክንያት አይታየንም።

ደሴ ሌላ ናት። በጦሳ ሥር ተጣብቃ በሸለቆው ውስጥ ስለምትሮጥ ዋናው አስፋልት ላይ እስከሆናችሁ ድረስ መንገዱ ይታገሣል፤ ወደ ሰፈር ስትታጠፉ ግን ኮብልስቶኑም ዳገቱም አንድ ላይ ይመጣሉ። እዚህ ሳይክሉን የሚወስነው ማርሹ ነው።

በ2012 ዓ.ም. የትራንስፖርት ሚኒስቴር ለእግረኛና ለሳይክል ተጠቃሚ የሚሆን የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂ ይፋ አድርጓል፤ እስከ 2029 እ.ኤ.አ. የሚዘልቅ ነው። አዲስ አበባ ውስጥም ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ የሳይክል መስመር ሲሠራ አይተናል። ጥሩ ነው። መስመሩ እኛ ሰፈር እስኪደርስ ግን ሳይክሉ ከጭነት መኪናና ከባጃጅ ጋር በአንድ መንገድ የሚሄድ መሆኑን አምነን መዘጋጀት አለብን።

ከሁሉ በፊት ፍሬን

ከሸሪዓ አምስት መሠረታዊ ዓላማዎች መካከል ነፍስን መጠበቅ ገንዘብን ከመጠበቅ በፊት ይቆጠራል። ገንዘባችሁ ለአንድ ነገር ብቻ የሚበቃ ከሆነ ፍሬን ላይ አውሉት። ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚገዛው የስልክ ማስቀመጫና የሚያብለጨልጭ መብራት ነው፤ ይህ ወላሂ ያሳስበናል።

የብዙዎቹ ሃይብሪዶች ፍሬን ቸርኬውን ከሁለት ወገን በጎማ የሚቆነጥጥ ነው። ሳይክሉ ቆሞ እጀታውን ጨብጡት፤ ጣታችሁ መሪውን እስኪነካ ከወረደ ካቦው ላልቷል። ጎማዎቹን ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ፤ አዲስ ሲሆኑ ላያቸው ላይ የተቀረጸ ሰርጥ አለ፣ ሰርጡ ከጠፋ ጎማው አልቋል። ጎማው ቸርኬውን ብቻ መንካት አለበት። ከፍ ብሎ የመንገዱን ጎማ ከነካ በሳምንታት ውስጥ በልቶ ያፈነዳዋል፤ ዝቅ ብሎ ከያዘ ደግሞ ድንገት ሾልኮ ራጂ ውስጥ ይገባል። ካቦው ውስጥ ዝገት ካለ ቀይሩት፤ ከሳይክሉ ዕቃ ሁሉ ርካሹ እሱ ነው። ቸርኬውንም በጣታችሁ ዳብሱት። ፍሬኑ የሚይዝበት ገጽ ወደ ውስጥ ከጎደጎደ ብረቱ ሳስቷል፤ እንዲህ ዓይነት ቸርኬ ቁልቁለት ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል።

ሐረጎን የሚያውቅ ሰው ይህን ሁሉ ለምን እንደምንዘረዝር ይገባዋል። ሰውየውና ሳይክሉ አንድ ላይ 90 ኪሎ ቢመዝኑ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ሲወርዱ 600 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይሄዳሉ። በዚህ ቁልቁለት የሚለቀቀው ጉልበት ወደ ሙቀት ቢቀየር አንድ ሊትር ተኩል ቀዝቃዛ ውኃ ያፈላል። የተወሰነውን ንፋሱ ይወስደዋል። የቀረው የሚገባው እነዚያ አራት ትንንሽ ጎማዎችና ሁለቱ ቸርኬዎች ውስጥ ነው። ፍሬኑን ሳይለቁ ይዘው የሚወርዱ ሰዎች ቸርኬው እየጋለ ካላማዳሪው የሚፈነዳባቸው ለዚህ ነው። ቀጥ ባለው ላይ ለቅቆ ከመታጠፊያ በፊት ጠንከር አድርጎ መያዝ፣ ሁለቱንም ፍሬን መጠቀም፣ በየመሐሉ ቆሞ ማቀዝቀዝ ይሻላል። የፊት ፍሬን ይገለብጣል የሚባለው ከፊል እውነት ነው። ድንገት ከተያዘ ይገለብጣል፤ ቀስ ተብሎ ሲጨመቅ ግን አብዛኛውን የማቆም ሥራ የሚሠራው እሱ ነው።

በዝናብ ጊዜ ደግሞ ፍሬኑ መጀመሪያ ውኃውን ይጠርጋል፣ ከዚያ ነው የሚይዘው። ስለዚህ በክረምት ቀደም ብሎ መያዝ ግድ ነው። የዲስክ ፍሬን ያለው ሃይብሪድ ካገኛችሁ በዚህ ረገድ የተሻለ ነው፤ የሚይዘው ከጎማው መሐል ላይ ስለሆነ ጭቃም ውኃም ቶሎ አይደርስበትም። መለዋወጫውን ግን ከመግዛታችሁ በፊት አጠያይቁ።

የእኛ አቋም ይህ ነው፦ ደሴ እየኖሩ ኮምቦልቻ የሚሠሩ ሰዎች ሐረጎን በየቀኑ በሳይክል አይውረዱ። መንገዱ ጠመዝማዛ ነው፣ ከባድ መኪና ይመላለስበታል፣ በክረምት ጉም አለ። ሹፌሩ ከፈቀደ ሳይክሉን በሚኒባስ ፖርቶ መጋላ ላይ ጭኖ ኮምቦልቻ ሜዳው ላይ መንዳት ይቻላል። ሌላው መላ ሳይክሉን ኮምቦልቻ ማሳደር ነው፤ ዘመድ ቤት ወይም ሥራ ቦታ ጥበቃ ባለበት። ወሎ ውስጥ ሳይክል የሚያሳድር ዘመድ አይጠፋም።

ማርሽ፦ የደሴን ዳገት በቁጥር

ብዙውን ጊዜ ሃይብሪድ ሳይክል ከፊት ሦስት ጥርስ አለው፤ 48፣ 38 እና 28 የሆኑት የተለመዱ ናቸው። ከኋላ ደግሞ ከ14 እስከ 28። ቁጥሩ በጥርሱ ላይ ተጽፎ ይገኛል፤ ካልተጻፈም ይቆጠራል።

ትርጉሙ እንዲህ ነው። የፊቱ 28፣ የኋላውም 28 ሲሆን ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው አንድ ጊዜ ይዞራል፤ ሳይክሉ 2 ሜትር ከ20 ይሄዳል። መንገዱ በ100 ሜትር 8 ሜትር የሚወጣ ዳገት ከሆነ በእያንዳንዱ የፔዳል ዙር 90 ኪሎ ክብደት 18 ሴንቲ ሜትር ገደማ ወደ ላይ እያነሳችሁ ነው ማለት ነው። በደቂቃ 60 ጊዜ ይህን የሚያደርግ ጉልበት ያለው ሰው ጥቂት ነው። እናም ሰዎች ይወርዱና ይገፋሉ፤ ከሳምንት በኋላ ሳይክሉ በረንዳ ላይ ይቆማል።

የኋላውን ትልቁን ጥርስ 28 በነበረበት 34 በሆነ ብትቀይሩት በአንድ ዙር የምትሄዱት ወደ 1 ሜትር ከ80 ይወርዳል። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል። እግር ግን ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ ዙር በአምስት አንድ እጅ ያህል ይቀላል። ከ14 እስከ 34 የሆነ የሰባት ጥርስ ስብስብ ለተራራ ሳይክልም ስለሚውል ከጠየቃችሁ ልታገኙት ትችላላችሁ። ፍጥነታችሁ በሰዓት 6 ኪሎ ሜትር ተኩል ይሆናል። ከእግረኛ ብዙም አይበልጥም፤ ነገር ግን 15 ኪሎ ጤፍ ከኋላ ጭኖ ዳገት የሚወጣ እግረኛ አስቡት።

ለደሴ የምንመክረው ሌላው ነገር ትልቁን የፊት ጥርስ፣ 48ቱን፣ መፍታት ነው። እሱ የሚያገለግለው በሰዓት 25 እና 30 ኪሎ ሜትር ለሚበር ሰው ነው፤ ከፒያሳ ሰኞ ገበያ ለመሄድ አያስፈልግም። ሲፈታ ሰንሰለቱን ማሳጠር ይቻላል፣ የኋላው ትልቅ ጥርስ የሚጠይቀውን ትርፍ ርዝመትም ያካክሳል። የቦታውንም ባዶነት አትጥሉት፤ ጥቂት ዝቅ ብለን እንጠቀምበታለን።

ኮምቦልቻ ላይ ነገሩ ቀላል ነው። መካከለኛውን 38 ብቻ ትታችሁ የፊት ማርሽ ማስተላለፊያውን፣ ካቦውንና እጀታውን ጨምሮ አውጡት። ከኋላ ያሉት ሰባቱ ይበቃሉ። የሚበላሽ ነገር በቀነሰ ቁጥር ሳይክሉ ሥራ ላይ ይቆያል።

ጎማ

በኮብልስቶን ላይ ቀጭን ጎማ እጅንም ወገብንም ያደክማል። ከ28 እስከ 32 ሚሊ ሜትር የሚሰፋ ጎማ ያለው ሃይብሪድ ካላችሁ፣ ሹካው የሚፈቅድ ከሆነ ወደ 38 ወይም 42 አሳድጉት።

ጎማ ስትገዙ ጎኑ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። «37-622» ማለት ስፋቱ 37 ሚሊ ሜትር፣ የቸርኬው ልክ 622 ማለት ነው። «28 ኢንች» የሚለውን ብቻ አምናችሁ አትግዙ፤ የድሮዎቹ ጥቁር የቻይናና የሕንድ ሳይክሎችም 28 ኢንች ይባላሉ፣ የእነሱ ልክ ግን 635 ነው፤ ጎማው ለሃይብሪዱ ይሰፋዋል። በሌላ በኩል «29 ኢንች» የሚባለው የተራራ ሳይክል ጎማ ልኩ ያው 622 ነው፤ ስፋቱ ሹካው ውስጥ ከገባ ይሆናል። ይህን ያወቀ ሰው «የለም» ከተባለበት ሱቅ ጎማ ይዞ ይወጣል።

ቫልቮላው ቀጭን ከሆነ የጎሚስታው ማሽን አይገጥመውም፤ ትንሽ መግጠሚያ ገዝታችሁ ቁልፋችሁ ላይ አንጠልጥሉ። ወፍራሙ ቫልቮላ የመኪና ዓይነት ነው፣ የትም ይሞላል። ግን የጭነት መኪና ጎማ የሚሞላ ማሽን ለሳይክል እጅግ ኃይለኛ ነው፤ በሰከንዶች ውስጥ ሊያፈነዳው ይችላል። በእጅ ፖምፓ መሙላት ይሻላል። ጎማው ላይ ከተጻፈው ከፍተኛ ልክም አትለፉ።

(በነገራችን ላይ፣ ደሴን በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. የያዘው የጣልያን ጦር በሚያዝያ 1933 ለቅቆ ወጣ፤ ፍሬን፣ ጎሚስታ፣ ግራሶ፣ ፓራፋንጎ ግን እስከ ዛሬ አልወጡም።)

ፓራፋንጎና የመንገድ ጭቃ

ፓራፋንጎ የሌለው ሳይክል በዝናብ ቀን ከኋላ ጎማው እያነሳ ከወገብ እስከ አንገት አንድ የጭቃ መስመር ይሥልባችኋል። ለእኛ ይህ የመቆሸሽ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በመንገዳችን ከብትም፣ ፍሳሽም አለ፤ ሰውየው ደግሞ ዙህርን ወይም ዐስርን በዚያው ልብስ ሊሰግድ ነው።

ፉቀሃዎች ይህን ጉዳይ «ጢን አሽ-ሻሪዕ»፣ የመንገድ ጭቃ፣ ብለው ለብቻው ተወያይተውበታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ነጃሳነቱ የተረጋገጠ የመንገድ ጭቃ እንኳ ለመጠንቀቅ አስቸጋሪ በሆነው ልክ ይቅር ይባላል፤ ልኩም እንደ ወቅቱና ልብሱ ላይ እንዳረፈበት ቦታ ይለያያል። በዝናብ ወቅት የልብስ ጫፍ ላይ የነካው ይቅር የሚባለውን ያህል እጅጌ ላይ የነካው አይባልም። የቀደሙት ሊቃውንት ያሰቡት እግረኛንና በከብት የሚሄድን ሰው ነው። የሳይክል ጭቃ ግን የሚመጣው ጀርባ ላይ ነው፣ ያውም ሁለት ላሜራ በመግጠም ሊቀር የሚችል። ብይኑን ከየኡስታዞቻችሁ ጠይቁ፤ የእኛ ምክር ፓራፋንጎ መግጠም ነው። ነጃሳነቱ ያልታወቀ ጭቃ በመሠረቱ ንጹሕ መሆኑን እያወቅን፣ ወስዋስ ውስጥ ላለመግባትም ይረዳል።

የሚገጠመው ፓራፋንጎ ከጎማው በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ሴንቲ ሜትር የሚሰፋ፣ ሙሉውን የጎማ ዙር የሚከተል ይሁን። ኮርቻ ሥር የሚሰካው አጭሩ ፕላስቲክ ለታይታ ነው። የፊተኛው ጫፉ ላይ ከአሮጌ ካላማዳሪ የተቆረጠ ጎማ እስከ መሬት አንድ ስንዝር እስኪቀረው አንጠልጥሉበት፤ ጫማችሁንና ሰንሰለቱን ያተርፋል። ጎማችሁን ለማስፋት ካሰባችሁ መጀመሪያ ጎማውን፣ ከዚያ ፓራፋንጎውን ግዙ።

ሰንሰለትና ረጅም ልብስ

ሴት እህቶቻችን ሳይክል ይንዱ ወይስ አይንዱ የሚል ክርክር ሲነሳ እንሰማለን። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ግመል የሚጋልቡ የቁረይሽ ሴቶችን ማወደሳቸውን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። ሒጃቧን ጠብቃ ለሥራ ወይም ለትምህርት የምትወጣ እህት ከባጃጅ ይልቅ ሳይክል ብትመርጥ፣ እኛ የምናየው ትልቁ ችግር የሰንሰለቱ ነው። ጂልባብ በሰንሰለትና በጥርስ መካከል ከገባ ሳይክሉ ባለበት ይቆማል፤ ነጂዋ ግን አትቆምም። የኋላ ጎማ ራጂ ውስጥ ከገባ ደግሞ ልብሱ ይጎትታታል። በጁሙዓ ቀን ጀለብያ የሚለብሱ፣ ሽርጥ የሚያገለድሙ ወንድሞችም ከዚህ አደጋ ውጭ አይደሉም።

መፍትሔው ሦስት ሥራ ነው።

ለደሴ የፈታነው የ48ቱ ጥርስ ቦታ እዚህ ይመጣል። የተፈታውን ጥርስ ይዛችሁ ወደ ቶርኖ ቤት ሂዱ፤ በእሱ ልክ ሁለትና ሦስት ሚሊ ሜትር ከሚወፍር አሉሚኒየም ክብ ሳህን ያስቆርጡ፣ የብሎኖቹን ቀዳዳ በዚያው ቦታ ያስበሱ፣ ጠርዙንም በሞረድ ያለሰልሱት። ያ ሳህን 48ቱ በነበረበት ይታሰራል። ሰንሰለቱ ከበስተውስጥ ይሄዳል፤ ልብሱ ከውጭ ለስላሳ ክብ ብቻ ነው የሚነካው። ለኮምቦልቻውም ይኸው ሳህን 38ቱን ይሸፍናል።

ሁለተኛው የኋላ ጎማ መረብ ነው። በኔዘርላንድ ሴቶች ረጅም ቀሚስ ለብሰው በሚነዱበት ዘመን የተለመደ ነበር፤ ዛሬም አለ። ከኋላ ፓራፋንጎው ጠርዝ ላይ በየሁለት ሴንቲ ሜትሩ ትንንሽ ቀዳዳ ይበሳል፣ ጠንካራ ሲባጎ ከየቀዳዳው ወደ ጎማው እምብርት አጠገብ ወደታሰረ ቀለበት ይወጠራል፤ በግራም በቀኝም። ከወንበሩ ሥር ያለውን የጎማውን ክፍል ከሸፈነ ይበቃል። ሲባጎው ተወጥሮ መታሰር አለበት፤ የላላ መረብ ራሱ ራጂ ውስጥ ይገባል። እጅ ሥራ ለምታውቅ እህት የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው፤ ቀለሙንም ትመርጣለች።

ሦስተኛው ሳይክሉ ሲገዛ የሚወሰን ነው። የላይኛው ብረት ወደ ታች ያዘነበለ፣ እግርን ወደ ኋላ ሳያነሱ የሚገቡበት ሃይብሪድ አለ። ለረጅም ልብስ የሚሆነው እሱ ነው። ወንዶችም ከኋላ ዕቃ ሲጭኑ ይህኛው ይቀላቸዋል፤ «የሴት ሳይክል» መባሉ ምንም አይቀንስባቸውም።

ጭነት

ደብተር የሞላ ቦርሳ ጀርባ ላይ አዝሎ ዳገት መውጣት ምን እንደሆነ መምህር የነበረ ያውቀዋል። ጀርባው ይረጥባል፣ ትከሻው ይዝላል፣ ሚዛኑም ከፍ ይላል። ጭነቱ ሳይክሉ ላይ ይሁን።

የኋላ መጫኛ በብየዳ ቤት ከቀጭን ቱቦላሬ ማሠራት ይቻላል። ሁለት ነገር ተጠንቀቁ። ማግኔት ሳይክሉ ላይ አስጠጉ፤ ከያዘ ብረት ነው፣ ካልያዘ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ፍሬም ላይ በፍጹም ብየዳ አይነካ፤ ሙቀቱ ጥንካሬውን ይገድለዋል፣ በተለመደው የኤሌክትሮድ ብየዳም አይያያዝም። መጫኛው ለብቻው ተበይዶ በብሎን ይታሰር፤ ብዙዎቹ ሃይብሪዶች ከኋላ ጎማው መያዣ አጠገብ ለዚሁ የተሠራ ቀዳዳ አላቸው። ከሌላቸው በጎማ የተጠቀለለ የላሜራ ማሰሪያ ይሠራል። ሌላው ክብደት ነው፤ የፋብሪካ መጫኛዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚፈቅዱት 25 ኪሎ ነው፣ የሰፈር ብየዳ ጠንካራ ቢሆን እንኳ ራጂው ከዚያ በላይ አይወድም። ጭነቱን በግራና በቀኝ እኩል ከፋፍሉት፣ ዝቅ አድርጉት።

ፌስታል መሪ ላይ አንጠልጥሎ መንዳት ይቅር። ቲማቲሙ እየተወዛወዘ አንድ ቀን ፊት ጎማው ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መጻፍ አያስፈልግም።

መብራትና ቁልፍ

ሱብሒን በጀመዓ የሚሰግድ ሰው መንገድ ላይ የሚገኘው በጨለማ ነው፤ በረመዷን ከተራዊሕ የሚመለሰውም እንዲሁ። ከኋላ ቀይ፣ ከፊት ነጭ መብራት የግድ ነው። የስልክ መብራት እጅ ይይዛል፣ ፍሬን የሚይዘው ደግሞ ያው እጅ ነው። መብራቱ ቻርጅ የሚደረግ ከሆነ ዒሻ ላይ ሰክቶ ሱብሒ ላይ መንቀልን መልመድ ይበቃል። ከኋላ የሚመጣ ሹፌር ቀድሞ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ነገርን ስለሆነ ፔዳሎቹ ላይ አንጸባራቂ ቢለጠፍ ዋጋ አለው። በረመዷን ከመግሪብ በፊት ያለችውን ግማሽ ሰዓት ደግሞ ከመንገድ ብትርቁ ደስ ይለናል፤ ያኔ ሁሉም ሹፌር ተርቦ ወደ ቤቱ ይከንፋል።

ቁልፍን በተመለከተ፣ ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት የሚለውን ትምህርት ሁላችንም ከመድረሳ እናውቀዋለን። ቀጭኑ የሽቦ ቁልፍ በፒንሳ ይቆረጣል። ወፍራም ሰንሰለት ወይም የብረት ቅስት ያለውን ግዙ፤ ሲታሰርም የኋላ ጎማውንና ፍሬሙን አንድ ላይ ይያዝ። የፊት ጎማ ብቻ ከታሰረ ሌባው ጎማውን ትቶላችሁ ሌላውን ይሄድበታል።

ችግሩ ብዙ ቦታ የሚታሰርበት ነገር አለመኖሩ ነው። የመስጂድ ኮሚቴዎቻችን እዚህ ላይ ቀላል ሥራ መሥራት ይችላሉ። ከውኃ ቱቦ የተሠራ፣ በግልባጭ ዩ ቅርጽ የታጠፈ ብረት፣ ከመሬት 80 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ በሲሚንቶ ይተከል፤ በአንዱ ብረት ግራና ቀኝ ሁለት ሳይክል ይታሰራል። በብረቶቹ መካከል አንድ ሜትር ይተው። ቦታው ጥበቃው ከሚቀመጥበት የሚታይ፣ ከዉዱእ ማድረጊያውና ከጫማ መደርደሪያው ራቅ ያለ ይሁን፤ የጁሙዓ ሰጋጅ ሲወጣ መተላለፊያው እንዳይዘጋ።